«በማስረጃ አልተደገፈም» እና «ሐሰት ነው» ይለያያሉ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት እትማችሁ በውጭ ዜና ገጽ ላይ «በሥራ አስኪያጁ ላይ የቀረበው ውንጀላ መሠረተ ቢስ መሆኑ ተረጋገጠ» የሚል ርዕስ አነበብኩ። ከሥሩ ያለው ዜና ግን መርማሪዎቹ በቂ ማስረጃ እንዳላገኙ ብቻ ነው የሚናገረው። የእንግሊዝኛውን ምንጭ ፈልጌ አየሁት፤ ቃሉ «አንሰብስታንሺዬትድ» ነው፤ በማስረጃ ያልተደገፈ ማለት ነው። ይህን ቃል እኔም ከዓመታት በፊት እንዲሁ ተርጉሜ ሰው ስለጎዳሁ ዝም ማለት አልቻልኩም።

በትርጉም ሥራ 23 ዓመት ቆይቻለሁ። በጀማሪነቴ አንድ መሥሪያ ቤት የውስጥ ምርመራ ውጤት እንድተረጉም ሰጠኝ። አንዲት ሠራተኛ «አለቃዬ የሰዓት መቆጣጠሪያ መዝገቤን ለወጠብኝ» ብላ አመልክታ ነበር። የድሮው መዝገብ በመጥፋቱ መርማሪዎቹ አቤቱታዋን «ሰብስታንሺዬት» ማድረግ አልተቻለም ብለው ጻፉ። እኔ «አቤቱታዋ ሐሰት ሆኖ ተገኝቷል» አልኩት። ወረቀቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። በዘጠነኛው ቀን ሴትዮዋ ሁለቱንም ቅጂ ይዛ መጣች፤ ጣቷን እንግሊዝኛው ላይ አድርጋ «ውሸታም የሚለኝ የትኛው መስመር ነው? ያንብቡልኝ» አለችኝ። አነበብኩ። የለም። እርማቱን በዚያው ቀን ጽፌ ፈረምኩ፤ ዘጠኙን ቀን ግን ልመልስላት አልቻልኩም።

«ሰብስታንሺዬት» የሚለው ቃል በላቲን ሥሩ «ከሥር መቆም» ማለት ነው። ወደ እንግሊዝኛ የገባው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፤ ዛሬም የሚጠይቀው ያንኑ ነው፦ ከንግግሩ ሥር የቆመ ነገር አለ ወይ? ደረሰኝ፣ ሰነድ፣ እማኝ። «ፕሩቭ»፣ ማለትም «ማረጋገጥ»፣ ግን ከዚህ ይከብዳል፤ ጉዳዩን ይዘጋል። «ሰብስታንሺዬት» የተደረገ አቤቱታ ነገ በሌላ ማስረጃ ሊፈርስ ይችላል፤ ያልተደረገውም ነገ መዝገቡ ሲገኝ ሊቆም ይችላል። ደግሞ ይህ ግስ የሚያርፈው በተነገረው ቃል ላይ ነው፤ በአቤቱታ፣ በክስ፣ በውንጀላ። በተናጋሪዋ ላይ አይፈርድም። እንግሊዝኛው ሐሰት ነው ማለት ሲፈልግ «ፎልስ» የሚል ቃል አለው፤ ስላላለ ነው እኛም ማለት የሌለብን።

በአማርኛ ቃል አጥተን አይደለም። ችግራችን ሁሉን ነገር በ«አረጋገጠ» መሸከማችን ነው። አንድ ኃላፊ ከተናገረ «አረጋገጡ» እንላለን፣ መርማሪ ካጣራ «አረጋገጠ»፣ ማስረጃ ሲጠፋም «መሠረተ ቢስነቱ ተረጋገጠ»! «አረጋገጠ» ከ«ረገጠ» የወጣ ነው፤ በእግር ተረግጦ ጽናቱ የታወቀ መሬት። ማንም ያልረገጠውን መሬት ጽኑ ነው ማለት አይቻልም፤ ገደል ነው ማለትም እንዲሁ።

የፍርድ ቤት ሰዎች ከእኛ ይጠነቀቃሉ። «ዐቃቤ ሕግ እንደ ክሱ አስረድቷል» ወይም «አላስረዳም» ይላሉ። «ማስረጃ» የሚለው ስምም ከዚሁ ከ«አስረዳ» የተገኘ ነው። «አላስረዳም» ያለ ዳኛ ምስክሮቹ ዋሹ አላለም። ለጋዜጣ ደግሞ «በማስረጃ አስደገፈ» የሚለው ሁላችንም የምንጠቀምበት አነጋገር ይበቃል፤ በአሉታ ሲነገር «በማስረጃ አልተደገፈም» ይሆናል። ለርዕስ ይረዝማል የምትሉ ከሆነ «ማስረጃ አልተገኘም» ያጥራል።

እርማቱን በዚያው ገጽ፣ ርዕሱ በታተመበት የፊደል መጠን እንድታወጡት እጠይቃለሁ። በሥራ አስኪያጁ ላይ ውንጀላውን ያቀረበችው ሴት አማርኛ አታነብ ይሆናል፤ ርዕሱን ያነበቡት ግን እኛ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ተርጓሚ