የሒሳብ ክበብ ዘንድሮ፦ ከቡጢ ጀግኖች ማን ይበልጣል?

የሒሳብ ክበባችን ዘንድሮ ዓመቱን ሙሉ የሠራው በአንድ ጥያቄ ላይ ነው። በተለያየ ዘመን የተፋለሙ ታላላቅ ቡጢኞችን እንዴት ማወዳደር ይቻላል? ጥያቄውን ያመጡት ተማሪዎቹ ናቸው። መስከረም ላይ እቅድ ስናወጣ ሁለት የ11ኛ ክፍል ልጆች በመሐመድ አሊና በማይክ ታይሰን ተከራከሩ። ክርክሩ ቤተ መጻሕፍቱ ከተዘጋ በኋላም እስከ ፒያሳ ድረስ ቀጠለ። የስታትስቲክስን ምዕራፍ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ነገር አላገኝም ብዬ እቅዱን በዚሁ ላይ አደረግነው።

የመጀመሪያው ሥራ ሰንጠረዥ ማዘጋጀት ነበር። ድል፣ ሽንፈት፣ አቻ፣ በዝረራ የተገኘ ድል። ሮኪ ማርሲያኖ 49 ጊዜ ተጋጥሞ 49ኙንም አሸንፏል፤ 43ቱን በዝረራ። ፍሎይድ ሜይዌዘር 50 ለ 0 ነው፤ 27ቱ በዝረራ። ጆ ሉዊስ 66 አሸንፎ 3 ተሸንፏል። አሊ 56 አሸንፎ 5 ተሸንፏል። ታይሰን 50 ድልና 7 ሽንፈት አለው። ዊሊ ፔፕ ደግሞ 229 ድል፣ 11 ሽንፈት፣ 1 አቻ። ይህን የመጨረሻውን ሰሌዳ ላይ ስጽፍ አንድ ልጅ «ቲቸር፣ 22 ለማለት ነው አይደል?» አለኝ። አይደለም። ሰውየው በእርግጥም 241 ጊዜ ተጋጥሟል።

ፔፕ 65 ሰው ዘርሯል። ከማርሲያኖ 43 ይበልጣል። ወደ መቶኛ ስንቀይረው ግን ማርሲያኖ ወደ 88 ከመቶ ሲደርስ ፔፕ 27 ላይ ቀረ። ፔፕ ዝናውን ያተረፈው በመዝረር ሳይሆን ባለመመታት ነው። ስለዚህ የዝረራ መቶኛ የቡጢ ጉልበትን እንጂ ታላቅነትን አይለካም። ይህን ያሉት ልጆቹ ራሳቸው ናቸው። እኔ የጨመርኩት ነገር የለም።

ቀጥሎ ጊዜን አስገባን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሜይዌዘር 50ዎቹን ግጥሚያዎች ያደረገው ከ1996 እስከ 2017 ነው። በዓመት ሁለት ተኩል ገደማ ማለት ነው። ሹገር ሬይ ሮቢንሰን ከ1940 እስከ 1965 ባሉት 25 ዓመታት ወደ 200 ጊዜ ተፋልሟል። በዓመት 8 ይደርሳል። አንዱ ለአንድ ግጥሚያ ወራት ሙሉ ይዘጋጃል፤ ሌላው የፊቱ እብጠት ሳይጠፋ ወደ ሪንግ ይመለሳል። ሮቢንሰን 19 ጊዜ መሸነፉን ብቻ አይቶ ከ50 ለ 0 በታች ማስቀመጥ ፍርደ ገምድልነት ነው። በ1943 በጄክ ላሞታ ከተሸነፈ በኋላ እስከ 1951 ድረስ ያሸነፈው ሰው አልነበረም። ያ ሁሉ ግጥሚያ፣ ስምንት ዓመት! እኔን ከጠየቃችሁኝ የክብደት ሚዛን ሳይለይ የሁሉም የበላይ ሮቢንሰን ነው። ዓመቱን ሙሉ ይህን ስናገር ከርሜያለሁ፤ አሁንም አልቀየርኩም።

አንዲት ተማሪያችን የሽንፈቶቹን ቀን ከቡጢኞቹ ዕድሜ ጋር አንድ ግራፍ ላይ አስቀመጠች። ከዓመቱ ሥራ ሁሉ በጣም የኮራሁበት ይኼ ነው። አሊ ከተሸነፈባቸው 5 ግጥሚያዎች 3ቱ 36 ዓመት ከሞላው በኋላ የመጡ ናቸው፤ በ1978 በስፒንክስ፣ በ1980 በሆልምስ፣ በ1981 በቤርቢክ። እስከ 1977 መጨረሻ ቢቆጠር 55 ድልና 2 ሽንፈት ብቻ ነው። ሉዊስም እንደዚሁ ነው። በ1949 ጓንቱን ሲሰቅል የነበረበት ሽንፈት አንድ ነበር፤ የ1936ቱ የማክስ ሽሜሊንግ። ሌሎቹን ሁለቱን ያመጣበት የግብር ዕዳ አስገድዶት ወደ ሪንግ መመለሱ ነው። በተቃራኒው ማርሲያኖ በ32 ዓመቱ በቃኝ አለ። 49 ለ 0 ከጉልበቱ ሌላ በጊዜ የማቆም ብልሃትም አለበት።

ሰንጠረዡ ያልተደረጉ ግጥሚያዎችንም አይቆጥርም። አሊ በቬትናም ጦርነት አልዘምትም ብሎ ከ25 እስከ 28 ዓመቱ ታግዷል። ሉዊስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ሆኖ አራት ዓመት ያህል የሻምፒዮንነት ቀበቶውን ለግጥሚያ አላቀረበም። እንዲያም ሆኖ 25 ጊዜ ሻምፒዮንነቱን አስከብሯል፤ በከባድ ሚዛን ይህን የደረሰበት የለም።

ሕጉም ራሱ አንድ አይደለም። በሉዊስ ዘመን የሚዛን ክፍሎቹ 8 ነበሩ፤ በአብዛኛውም ለአንድ ክፍል አንድ ሻምፒዮን ነበር። ዛሬ 17 ክፍሎችና 4 ትልልቅ ድርጅቶች አሉ። 17 በ4 ሲባዛ 68 ቀበቶ ነው። የሻምፒዮና ግጥሚያ ደግሞ 15 ዙር ነበር፤ ከ1980ዎቹ ወዲህ 12 ሆኗል። ማርሲያኖ በ1952 ሻምፒዮን የሆነው ዋልኮትን በ13ኛው ዙር ዘርሮ ነው። እስከዚያ ድረስ በሦስቱም ዳኞች ነጥብ እየተመራ ነበር። በዛሬው ሕግ ቢሆን ግጥሚያው በ12ኛው ያልቅና ይሸነፍ ነበር። ይህን ስነግራቸው አንድ የማርሲያኖ ደጋፊ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። «አብሽር፣ በዚያ ሕግ 15 ዙር እንዳለው አውቆ ነው የተፋለመው» ያለው የአሊ ደጋፊ ነው። ትክክል ነው። ቡጢኛ ጉልበቱን የሚያብቃቃው በነበረበት ሕግ ነው።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ዘመኖቹን የሚያገናኝ ሰንሰለት ሠራን። ማርሲያኖ ሉዊስን አሸነፈ። ማርሲያኖ አርቺ ሙርንም አሸነፈ። አሊ በ1962 ያንኑ ሙርን ዘረረው፤ ማርሲያኖንም አሊንም የገጠመ ብቸኛ ሰው ሙር ነው። ሆልምስ አሊን፣ ታይሰን ሆልምስን፣ ሌኖክስ ሉዊስ ታይሰንን አሸነፉ። ልጆቹ በጣም ደስ አላቸው፤ በሰንሰለቱ ከሄድን የመጨረሻው ሰው የሁሉም አሸናፊ ይሆናላ! ከዚያ ዕድሜያቸውን ከጎኑ ጻፍን። ጆ ሉዊስ 37፣ ማርሲያኖ 28። ሙር ከ45 በላይ፣ አሊ 20። አሊ 38፣ ሆልምስ 30። ሆልምስ 38፣ ታይሰን 21። ዘመን ከዘመን በተገናኘ ቁጥር የተገናኙት የደከመ ሽማግሌና የፈላ ወጣት ናቸው። ሰንሰለቱ የሚነግረን ወጣት አዛውንትን እንደሚያሸንፍ ብቻ ነው። አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ግን የመጨረሻውን ቀለበት ለየት አድርጎ አየው፤ በ2002 ታይሰን 35፣ ሌኖክስ ሉዊስ 36 ነበሩ። እዚያ ላይ ዕድሜ ሰበብ አይሆንም።

«ታዲያ ለምን ኮምፒውተር አይወስንም?» ያሉም ነበሩ። ተሞክሯል። በ1969 አሊና ማርሲያኖ ለፊልም ብለው ተፋለሙ፤ ውጤቱን ኮምፒውተር ሰጠ ተባለ። አሜሪካ በታየው ማርሲያኖ በ13ኛው ዙር ዘረረ። አውሮፓ በታየው አሊ አሸነፈ። ኮምፒውተር የሚያወጣው ያስገቡለትን ነው።

ሚያዝያ ላይ ኮምቦልቻ ወርደን ከአንድ ትምህርት ቤት ክበብ ጋር ተከራከርን። ደሴ ላይ ጃኬት ለብሰን ተሳፍረን እዚያ ስንደርስ ጃኬቱ ሸክም ሆነብን። የእነሱ ምርጫ ሜይዌዘር ነበር፤ «ያልተሸነፈን ሰው በምን ትበልጡታላችሁ?» አሉ። የእኛዎቹ ስለ አሊ ተጋጣሚዎች ተናገሩ፤ ሊስተን፣ ፍሬዘር፣ ፎርማን። ፎርማን በ1974 ኪንሻሳ ላይ ሳይሸነፍ መጥቶ በ8ኛው ዙር እንደወደቀ አስረዱ። አስተናጋጆቻችን ሻይና አምባሻ አቀረቡልን፤ ክርክሩ ሳይቋጭ መኪና ተነሳ።

ከኮምቦልቻ ልጆች አንዷ «ሴቶቹስ የት አሉ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ሰንጠረዣችን ውስጥ አልነበሩም። የሴቶች ቡጢ ኦሊምፒክ የገባው በ2012 ለንደን ላይ ነው። ክላሬሳ ሺልድስ ያኔም በ2016 ሪዮ ላይም ወርቅ ወስዳለች። ከግንቦት ጀምሮ ስሟ ሰንጠረዡ ላይ አለ።

በወላጆች ቀን ሥራችንን ኮሪደሩ ላይ ለጥፈን አሳየን። ብዙ ሰው የቆመው አንድ ወረቀት ፊት ነው። በ1960 ሮም ላይ ያኔ ካሲየስ ክሌይ ይባል የነበረው አሊ ወርቅ ወሰደ፤ ከአምስት ቀን በኋላ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን አሸነፈ። አበበ ያኔ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጠ። ቀነኒሳ በ2019 በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ገባ። አንድ አባት ወረቀቱን አይተው «ሰዓት ያለው ስፖርት እንኳ ጫማውን ካልቆጠራችሁ አይወዳደርም» አሉን። ልጆቹ ተያዩ። የሚቀጥለው ዓመት ሥራ ያን ጊዜ ተወሰነ፤ ሯጮቻችንን ከነጫማቸው፣ ከነመንገዱና ከነአየሩ እናወዳድራለን።

ክበቡ ሐሙስ ሐሙስ ከትምህርት በኋላ በቤተ መጻሕፍት ይሰበሰባል። ምዝገባ መስከረም ሁለተኛ ሳምንት ነው፤ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችም መመዝገብ ይችላሉ።