የእባብሽን ራስ የላጥኩት እኔ ነኝ

ለልጄ ለሰብሌ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትይኝ። የምነግርሽን ነገር በስልክ ልናገረው አፌ አልደፈረም።

ዘንድሮ ክረምቱ ጠንክሯል። የጣና እርጥበት ቁም ሳጥን ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ልብሱ ሻገተ። እባቡን፣ አዞውን የሰበሰብሽበት የቴምብር አልበምሽ ትዝ ብሎኝ ከአልጋሽ ሥር ሳወጣው ገጾቹ ተጣብቀዋል። "ይሄን አውሬ ከቤቴ አውጪልኝ" እያልኩ ስንቴ እንደጮህኩብሽ ታውቂያለሽ። ያን ቀን ግን ክው ነው ያልኩት።

በነገራችን ላይ ነገሩ የጀመረሽ ገና በልጅነትሽ ነው። ሐይቁ ዳር ደንገሉ ውስጥ አርጃኖ ያየን ለት ሌላው ልጅ ሲሮጥ አንቺ ተከተልሽው። ሚያዝያ 23 ቀን 1993 ነው የወለድኩሽ፣ ዘንዶ ገዳዩ ጊዮርጊስ በሚነግሥበት ዕለት። ይሄን ባነሳሁብሽ ቁጥር "አቡነ አረጋዊን ደብረ ዳሞ ያወጣቸውስ ማነው?" ትይኛለሽ። መልስ አጥቼ ዝም እላለሁ። በኋላ ደግሞ አጎትሽ፣ የተወለድሽበት ዓመት በቻይኖች አቆጣጠር የእባብ ዓመት ነው ብሎሽ አረፈው። በፈረንጆቹ 2001፣ ከዚያ 2013፣ ከዚያ 2025፤ በየ12 ዓመቱ እየዞረ ይመጣል። ብዙ አገር ለዚያ ዓመት የእባብ ቴምብር ያወጣል። ሦስቱን ዓመት ካላሟላሁ አልሽ።

ወደ ጥፋቴ ልመለስ። በጣት እንዳይነካ የምትይው ትዝ አለኝና የቅንድብ ወረንጦሽን አመጣሁ። ለብ ያለ ውሃ በሳህን አድርጌ ነከርኳቸው። የድሮዎቹ እሺ ብለው ከወረቀታቸው ለቀቁ። እባብ የያዘው የሜክሲኮ ንስር ለቀቀ። በፈረንጆቹ 1962 ለወባ ዘመቻ ብዙ አገሮች ካወጡት ውስጥ ያለሽም ለቀቀ፤ ያ ትንኝና በትር ላይ የተጠመጠመ እባብ ያለበት። "ይሄ ሕክምና ነው እንጂ እባብ አይደለም" ብዬ ተከራክሬሽ ነበር። አሁን ሳየው እባብ ነው፣ ተሸንፌያለሁ።

በዚህ ልቤ አበጠና የ2013ቱንም ጨመርኩት። እሱ ለካ ምንም ያልተለጠፈ አዲስ ነው! የጀርባው ሙጫ ሁሉ ሟሟ። ለሰብሳቢ ሙጫው ራሱ ዋጋ እንዳለው የነገረኝ የጎረቤታችን ልጅ ነው፣ ካለቀ በኋላ።

ከሁሉ የባሰው የ2025ቱ ነው። አክስትሽ ከአሜሪካ ፖስታ ላይ ለጥፋ የላከችልሽ፣ ገና ያላየሽው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ውሃ ውስጥ አቆየሁት፣ ንቅንቅ አላለም። በአውራ ጣቴ አሸት አሸት ሳደርገው የእባቡ ራስ ተላጠ። አዲሶቹ እንደ ስቲከር የሚለጠፉት ብዙዎቹ በውሃ አይለቁም አሉ። ዙሪያውን ትንሽ ወረቀት አስቀርቶ በመቀስ መቁረጥ ነበር የሚሻለው። እኔ ይህን ከየት ላውቅ?

የተረፉትን በንጹሕ ወረቀት መሃል አድርጌ፣ ትልቁን መጽሐፍ ጭኜባቸው ደርቀዋል። አልበሙ አሁን ከአልጋ ሥር ወጥቶ ሳሎን መደርደሪያው ላይ ቆሟል፣ አየር እንዲያገኝ። እንግዳ ሲመጣ ይገላልጠዋል፣ እኔም አስረዳለሁ። አዞውን፣ እስስቱን፣ ኤሊውን ለይቻቸዋለሁ። እባቦቹን ግን አሁንም በወረንጦ ነው የምገልጣቸው።

ምትክ ባገኝ ብዬ ፖስታ ቤት ሄጄ "የእባብ ቴምብር አላችሁ?" ብላቸው አንዷ አማተበችብኝ።

ይህን ደብዳቤ በመሥሪያ ቤትሽ ፖስታ ሳጥን ልኬዋለሁ። የተላጠውን እባብ እዚሁ ውስጥ በወረቀት ጠቅልዬ አስገብቼዋለሁ፣ ተቆጪም አልቅሺም እንደፈለግሽ። የቀረው ግን ደህና ነው።

እናትሽ
ባሕር ዳር