ለቤተ መጻሕፍት ቦርድ፣ ለቦርዱም ሥልጣን፦ ለሐዋሳ ከተማ ምክር ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለሐዋሳ ከተማ አስተዳደር ምክር ቤት
ግልባጭ፦ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ጉዳዩ፦ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ቦርድ በደንብ እንዲቋቋምና ሥልጣኑ ተለይቶ እንዲሰጠው ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣

ይህን ደብዳቤ የቀጣዩ ዓመት በጀት ለምክር ቤቱ ከመቅረቡ በፊት የጻፍሁት በምክንያት ነው። በጀት አንዴ ከጸደቀ በኋላ የሚነሣ የቤተ መጻሕፍት ጥያቄ “ለከርሞ ይታያል” ከሚል መልስ አልፎ አያውቅም። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍሁት በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ ዛሬ የሐዋሳ ነዋሪ ነኝ። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በከተማው አስተዳደር ሥር ለሚተዳደሩ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት፣ አሁን ላሉትም ወደፊት ለሚከፈቱትም፣ ምክር ቤቱ በደንብ የሚያቋቁመው፣ ነዋሪው የሚቀመጥበትና ከአስተዳደሩ ጋር ሥልጣን የሚከፋፈል ቦርድ ይኑራቸው።

አዲስ ሕንጻ ይሠራልን አላልሁም። ሕንጻ ጥሩ ነው፤ ሪባን ይቆረጥለታል፣ ይመረቃል፣ ፎቶግራፍ ይነሣለታል። ከምርቃቱ ማግስት ጀምሮ ማን ይወስናል የሚለው ጥያቄ ግን ሳይመለስ ይቀራል፤ ቤተ መጻሕፍትን ባዶ የሚያስቀረውም ይኸው ነው።

በአገራችን የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በባህልና ቱሪዝም መዋቅር ሥር፣ ከብዙ የሥራ ክፍሎች እንደ አንዱ ሆኖ ነው። የበላይ ኃላፊው የበዓል ዝግጅት አለበት፣ የቅርስ ምዝገባ አለበት፣ የእንግዳ መስተንግዶ አለበት። ቤተ መጻሕፍቱን የሚያስታውሰው የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲደርስ ቢሆን አይፈረድበትም። መጽሐፍ መግዛት የግዥ ክፍል ሥራ ነው፤ ቅጥር የሰው ሀብት ነው፤ ክፍያ የፋይናንስ ነው፤ አዳራሹ ደግሞ ስብሰባ የጠራ ሁሉ ነው። የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ተብሎ የተመደበው ባለሙያ እጅ ላይ የሚቀረው ቁልፉና ተጠያቂነቱ ብቻ ነው።

ስለ ተጠያቂነቱ ጥቂት ልበል፤ ከውጭ ለሚያይ ሰው የማይታየው ይህ ነውና። በመንግሥት መሥሪያ ቤት መጽሐፍ እንደ ማንኛውም ንብረት ይቆጠራል። ሞዴል 19 በሚባል ቅጽ ገቢ ይደረጋል፣ ሞዴል 22 በሚባል ቅጽ ወጪ ይሆናል፣ የተረከበው ሠራተኛ ይፈርማል፣ ከጎደለ ይጠየቅበታል። ለወንበርና ለኮምፒውተር ይህ አሠራር ትክክል ነው። ብዙ እጅ እንዲያገላብጠው፣ ተማሪ ወደ ቤቱ ይዞት እንዲሄድ፣ እስኪያልቅ እንዲነበብ ለተገዛ መጽሐፍ ግን መቅሠፍት ነው። የፈረመው ሠራተኛ ምን ያድርግ? መደርደሪያውን ይቆልፋል። አንባቢው በመስኮት በኩል ርዕሱን በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ይጠይቃል፣ መታወቂያውን ያስይዛል፣ የፈለገው መጽሐፍ ከሌለ ሌላ ምን እንዳለ ማየት እንኳን አይችልም። ማዋስ የሚባለው ነገር ፈጽሞ ይቀራል። ቀስ በቀስም ቤቱ ተማሪዎች ከየቤታቸው ያመጡትን ደብተር የሚያጠኑበት አዳራሽ ይሆናል። ጸጥ ያለ ቦታ ማግኘታቸው ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ግን ከዚያ በላይ ሊሰጣቸው ይገባ ነበር።

ሠራተኛውን አልወቅስም። በዓመት ውስጥ ይህን ያህል መጽሐፍ ቢጎድል እንደ ተለመደ ወጪ ይቆጠራል ብሎ የሚፈቅድለት አካል የለም። ያረጀውን ለማስወገድም እንዲሁ ነው፤ ጊዜ ያለፈበት የኮምፒውተር መማሪያ አስወጋጅ ኮሚቴ እስኪሰበሰብ ድረስ የአዲሱን መጽሐፍ ቦታ ይዞ ዓመታት ይቀመጣል።

ቀድሞ በሠራሁባት፣ ስሟን በማልጠቅሳት ከተማ፣ በጎ አድራጊዎች የላኩልን የሕፃናት መጽሐፍ በካርቶን እንደታሸገ ክረምቱን በመጋዘን አሳለፈ። ገቢ ለማድረግ የእያንዳንዱ መጽሐፍ ዋጋ መመዝገብ ነበረበት። ስጦታ ደግሞ የግዥ ደረሰኝ የለውም። ዋጋ የሚገምት ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ፤ ኮሚቴው ሳይሰበሰብ የመጋዘኑ ጣሪያ አፈሰሰ። ከሥረኛው ካርቶን ያወጣነው ሥዕላዊ የፊደል መጽሐፍ ገጾቹ እንደ ጣውላ ተጣብቀው ነበር፤ በኃይል ስንገልጠው የአንበሳው ቢጫ ከላሙ ቡናማ ጋር ተቀላቅሎ አብሮ ተገነጠለ። ያን ሰሞን በከተማዋ ውስጥ “ካርቶኑን ክፈቱ፣ ልጆቹ ያንብቡ፣ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ” ለማለት ሥልጣን ያለው አንድም አካል አልነበረም። ፋይናንስ መመሪያውን አክብሯል፤ ንብረት ክፍል ሥራውን ሠርቷል፤ ሁሉም በየፊናው ትክክል ነበር፤ መጽሐፉ ግን ጠፋ።

እኔ ቦርድ የምለው እንግዲህ ይህን የሚወስን አካል ነው።

የመክፈቻ ሰዓትም ውሳኔ ይፈልጋል። የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በፈረቃ የሚሠሩ፣ አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች የሆኑ ሠራተኞች የከተማው ነዋሪ ሆነዋል። ቤተ መጻሕፍት በመንግሥት የሥራ ሰዓት ተከፍቶ በመንግሥት የሥራ ሰዓት የሚዘጋ ከሆነ ለቀን ፈረቃ ሠራተኛዋ ዝግ ነው፤ ትምህርት ቤት ለሚውለው ልጅም ዝግ ነው። እሑድ ይከፈት፣ በምሽት ይቆይ፣ በምትኩ ማክሰኞ ጠዋት ይዘጋ ብሎ መወሰን ከባድ ነገር አልነበረም። ዛሬ ግን ይህን ለማድረግ ደብዳቤው ስንት ጠረጴዛ እንደሚያልፍ እናንተም ታውቁታላችሁ።

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ የምጠይቀው እንግዳ ነገር አይደለም። በአገራችን የከተሞች የመጠጥ ውሃ ድርጅቶች የውሃ ቦርድ አላቸው። በ1990 ዓ.ም. ከጸደቀው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ተነሥቶ በየክልሉ በተደረገው ማሻሻያ የመንግሥት ሆስፒታሎች በቦርድ እንዲመሩና ከአገልግሎት የሚያገኙትን ገቢ መልሰው ለራሳቸው ሥራ እንዲያውሉ ተፈቅዷል። ዩኒቨርሲቲዎች ቦርድ አላቸው፤ ትምህርት ቤቶች የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት አላቸው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቂ ሥልጣን እንደሚሰጥ ይደነግጋል። ቤተ መጻሕፍት ከዚህ ሁሉ ተነጥሎ የሚቀርበት ምክንያት ምንድን ነው?

የሥልጣን ክፍፍሉን እንዴት እናድርገው ለሚለው ደግሞ ሌሎች አገሮች ረጅም ልምድ አላቸው። በአሜሪካ ኢሊኖይ ክፍለ ግዛት እ.ኤ.አ. በ1872 በወጣው ሕግ የተጀመረው አሠራር እንዲህ ነው። ከንቲባው በምክር ቤቱ ይሁንታ 9 የቦርድ አባላትን ይሾማል፤ ከእነሱ ውስጥ የከተማው ምክር ቤት አባል የሆነ ከአንድ ሰው መብለጥ የለበትም፤ አባላቱ ደመወዝ አይከፈላቸውም። ገንዘቡ የሚመጣው ከከተማው ነው፤ ለቤተ መጻሕፍት ተብሎ የተሰበሰበው ገንዘብ በምን ላይ እንደሚውል የሚወስነው ግን ቦርዱ ነው። በዊስኮንሲን ቦርዱ የቤተ መጻሕፍቱን ኃላፊ ይሾማል፤ የትምህርት አስተዳደሩ ተወካይም በቦርዱ ውስጥ ወንበር አለው። አዮዋ ደግሞ ጠንከር ያለች ናት፤ አንድ ከተማ የቤተ መጻሕፍት ቦርዱን ሥልጣን ወይም የአባላቱን አመራረጥ ልቀይር ቢል በመራጩ ሕዝብ ድምፅ ማስጸደቅ አለበት። ስለዚህ አንድ ከንቲባ ስለተቆጣ ብቻ ቦርዱ አይፈርስም።

እዚያም ጭቅጭቅ አለ። ሠራተኛው የማን ነው? ጣሪያው ሲያፈስ ማን ያስጠግን? የጸደቀ በጀት መሐል ላይ ሊቀነስ ይችላል? በእነዚህ ላይ ከተማውና ቦርዱ ይካሰሳሉ፣ ይደራደራሉም። ልዩነቱ፣ የሚከራከሩት በተጻፈ ሕግ ላይ ቆመው መሆኑ ነው።

የገንዘቡን ነገር የሚያስረዱ ሁለት ታሪኮች አሉ። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1850 ባወጣችው የመጀመሪያው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሕግ ከተሞች ከሚሰበስቡት ግብር ሕንጻ እንዲያቆሙና ሠራተኛ እንዲቀጥሩ ስትፈቅድ መጽሐፍ እንዲገዙበት ግን አልፈቀደችም፤ ይህ የተስተካከለው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። ባለጸጋው አንድሩ ካርኔጊ በበኩሉ በዓለም ዙሪያ ከ2,500 በላይ ቤተ መጻሕፍት ሲያሠራ ከተሞቹን ቦታ እንዲሰጡና በየዓመቱ የሕንጻውን ወጪ 10 በመቶ ያህል ለሥራ ማስኬጃ እንዲመድቡ አስቀድሞ ቃል ያስገባቸው ነበር። ከዚህ የምንወስደው የበጀቱን ነገር ነው፤ ለመጽሐፍ፣ ለጥገናና ለሠራተኛ የሚሆን ዓመታዊ በጀት ሳይታሰር ቦርድ ቢቋቋም የቦርዱ አባላት ሻይ ጠጥተው ይለያያሉ።

ሌላም የምፈራው አለ። በአገራችን ቦርድ ሲባል ወንበሩን የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች ይሞሉታል። ኃላፊዎቹ ስብሰባ ይበዛባቸዋል፤ ወኪል ይልካሉ፤ ወኪሉ “ለኃላፊዬ አቀርባለሁ” ብሎ ይወጣል፤ ምልዓተ ጉባኤ ሳይሟላ ዓመቱ ያልፋል። እንዲህ ያለ ቦርድ ቀድሞ ባለው ሰንሰለት ላይ አንድ ተጨማሪ ጠረጴዛ መጨመር ነውና ቢቀር ይሻላል። የእኛ ቦርድ አብላጫው ከነዋሪው ይሁን፤ መምህር፣ ወላጅ፣ ከፍተኛ ክፍል ያለ ተማሪ፣ ማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች የሚናገር ሰው፣ ከዩኒቨርሲቲው የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ፣ ከፓርኩ ሠራተኞች አንዷ። ከአስተዳደሩ አንድ፣ ከምክር ቤቱ አንድ ይበቃል። የሥራ ዘመናቸውም ከምርጫ ዘመን ጋር አብሮ የማያልቅ ይሁን። ለስብሰባ አበል አይከፈል፤ አበል ያለበት ወንበር ለማን እንደሚደርስ እናውቃለን።

አስተዳደሩ ምን ይያዝ? ሕንጻውና መሬቱ የከተማው ናቸው። አጠቃላይ በጀቱን የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው፤ ሒሳቡም በከተማው ኦዲት ይመርመር። ሠራተኞቹ የመንግሥት ሠራተኛነታቸው አይነካ፤ ያለዚያ ደህና ባለሙያ አይመጣም። ቦርዱ ደግሞ በተፈቀደው በጀት ውስጥ ገንዘቡ በምን ላይ እንደሚውል ይወስን፣ የመክፈቻ ሰዓትና የማዋሻ ደንብ ያውጣ፣ ሊጠፋ የሚችለውን የመጽሐፍ መጠን አስቀድሞ ይፍቀድ፣ ስጦታ ይቀበል፣ ያረጀውን ያስወግድ፣ ኃላፊው ሲመደብም ሲነሣም ሐሳቡ ይጠየቅ። አዳራሹ ለስብሰባ ሲፈለግም ፈቃጁ ቦርዱ ይሁን። በፈተና ሰሞን ተማሪ ተነሥቶ ሥልጠና የሚሰጥበትን ቤት ቤተ መጻሕፍት ማለት ይከብደኛል።

የመጽሐፍ ምርጫው ከሁሉ ይበልጥ ያሳስበኛል። መግዛቱ በዝቅተኛ ዋጋ አሸናፊ ብቻ ሲወሰን የሚመጣው መጽሐፍ አንባቢው የጠየቀው ሳይሆን ነጋዴው የተረፈው ነው። ከዚህም ሌላ፣ “ያን መጽሐፍ ከመደርደሪያ አንሡ” የሚል ስልክ ሲደወል አንድ ተራ ሠራተኛ ብቻውን ሊቋቋመው አይችልም። ቦርድ ካለ ግን ቅሬታ ያለው ሰው በጽሑፍ ያቀርባል፣ ቦርዱ መጽሐፉን አንብቦ በጽሑፍ ይመልሳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 መረጃ የመፈለግና የማግኘት ነፃነትን አረጋግጧል፤ በቤተ መጻሕፍት ደረጃ ይህን ነፃነት የሚጠብቀው እንዲህ ያለ ሥርዓት ነው። በሐዋሳ ደግሞ በሲዳሙ አፎ፣ በአማርኛ፣ በወላይትኛና በሌሎችም ቋንቋዎች የሚያነብ ሰው ጎን ለጎን ይኖራል። ለየትኛው ቋንቋ ምን ያህል ይገዛ የሚለውን አንድ የግዥ ባለሙያ በፕሮፎርማ ሊመልሰው አይችልም። ነዋሪዎቹ ራሳቸው በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ይነጋገሩበት።

ይህች ከተማ ለንባብ አዲስ አይደለችም። በአቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ መሥራችነት የተጀመረው፣ ለሕፃናት ንባብ የሚሠራው ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2005 አህያ የሚጎትተው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ሥራ ያስጀመረው እዚሁ ሐዋሳ ነው። ጋሪው በሰፈር ሲያልፍ ሕፃናት ከየአጥሩ እየሮጡ ይወጡ ነበር። ያ የበጎ ፈቃደኞች ሥራ ነበር። ነገ እንዲህ ያለ ሐሳብ ይዞ የሚመጣ ሰው የትኛውን በር ያንኳኳል? ካርቶኑንስ ማን ይረከበዋል? ዛሬ ለዚህ ጥያቄ አንድ ግልጽ መልስ ቢኖረን ደስ ባለኝ።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የደንቡ ረቂቅ ከሰኔ በፊት ተዘጋጅቶ በይፋ ለነዋሪው ውይይት ይቅረብ። በሚመጣው በጀት ለመጽሐፍ ግዥ የሚሆነው ገንዘብ ከጽሕፈት መሣሪያና ከሌላ አላቂ ዕቃ ተለይቶ በራሱ ርዕስ ይያዝ። ደንቡ እስኪወጣ ድረስ ደግሞ ከንቲባው በሚጽፉት አንድ ደብዳቤ የሚቋቋም፣ በስጦታ መጽሐፍና በመክፈቻ ሰዓት ላይ ብቻ የሚወስን ጊዜያዊ ኮሚቴ ሥራ ይጀምር፤ ለዚህ አዋጅም በጀትም አያስፈልግም።

ረቂቁን በማዘጋጀት ያለ ክፍያ ለማገዝ ዝግጁ ነኝ። የሚመለከተው ቋሚ ኮሚቴ ቢጠራኝ ያለኝን የሥራ ልምድ፣ ያስቀመጥኋቸውን የማዋሻ ቅጾችና የመዝገብ ናሙናዎች ይዤ እቀርባለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
የቀድሞ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ
ሐዋሳ