ፕራይቬት ዲፔንደንሲን በሞክ ስለመተካት

ይድረስ ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ጉግል እ.ኤ.አ. በ2019 ለአንድሮይድ መተግበሪያዎች ቅድሚያ የሚሰጠው የፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ ኮትሊን መሆኑን ካሳወቀ ወዲህ ቋንቋውን መማር ለሥራ ፈላጊ ወጣት ትልቅ ስንቅ ሆኗል። የሚያሳስበኝ ግን ዩኒት ቴስት (የፕሮግራምን ትንንሽ ክፍሎች ለየብቻ የሚፈትን ኮድ) የሚሰጥበት የማስተማር ዘዴ ነው።

በአንድ ማሠልጠኛ የሚሰጥ መልመጃ አይቻለሁ። ገንዘብ የሚልከው ክላስ (የኮድ አሃድ) ከባንኩ ጋር የሚያገናኘውን ክፍል፣ ማለትም ዲፔንደንሲውን፣ ራሱ በውስጡ ይፈጥርና ፕራይቬት (ከክላሱ ውጭ የማይታይ) ያደርገዋል። ቴስቱ እውነተኛውን ባንክ እንዳይነካ፣ ሠልጣኞቹ በሪፍሌክሽን (ፕሮግራሙ እየሠራ የተደበቁ ክፍሎቹን በሚከፍት ዘዴ) ያ ክፍል የተቀመጠበትን ፊልድ ከፍተው ሞክ (ለቴስት የተሠራ አስመሳይ ምትክ) እንዲተኩበት ይታዘዛሉ። የአገልግሎት ክፍያ የሚያሰላውን ፕራይቬት ፈንክሽንም (አንድ ሥራ የሚያከናውን የኮድ ክፍል) ሞክ ለመሥራት በሚያገለግለው በሞክኬ ላይብረሪ በስሙ ጠርተው፣ ለ1,000 ብር 10 ብር እንዲመልስ ያደርጉታል።

የፈንክሽኑ ስም በቴስቱ ውስጥ የሚገባው እንደ ተራ ጽሑፍ ስለሆነ ኮምፓይለሩ (ኮዱን የሚተረጉመውና ስህተቱን የሚለየው ፕሮግራም) አይቆጣጠረውም፤ ነገ ባልደረባቸው ስሙን ቢያስተካክል መተግበሪያው በትክክል እየሠራ ቴስቱ ይወድቃል። ከዚህ የከፋው ግን ስሌቱ ራሱ ጨርሶ አለመፈተኑ ነው። እውነተኛው ፈንክሽን በስህተት 100 ብር ቢቆርጥ እንኳ ቴስቱ ያለፈ መሆኑን በአረንጓዴ ያሳያል፤ ጉዳቱ የሚያርፈው በደንበኛው ኪስ ላይ ነው።

መፍትሔው በቋንቋው ውስጥ አለ። የባንኩን አገናኝ ኢንተርፌስ (ምን እንደሚሠራ ብቻ የሚገልጽ ውል) አድርጎ፣ በኮንስትራክተሩ (ክላሱ ሲፈጠር የሚያስፈልገውን በሚቀበልበት ክፍል) ቅንፍ ውስጥ «ፕራይቬት ቫል» ብሎ መቀበል ይበቃል፤ ከውጭ ይሰጣል፣ ነገር ግን ከክላሱ ውጭ ማንም አያየውም። ቴስቱም የተላከለትን ገንዘብ በዝርዝር የሚይዝ ቀላል ምትክ ይሰጠዋል፤ ከዚያም ከላኪው ሒሳብ 1,010 ብር መቀነሱን ያረጋግጣል። በዚህ መንገድ የክፍያው ስሌት ሳይነካ ይፈተናል። በኮትሊን ክላሶች ካልተፈቀደላቸው በቀር የማይወረሱ በመሆናቸው፣ ለሞክ ሲባል ብቻ «ኦፕን» እያሉ መክፈትም ቢሆን ኢንተርፌስ ካለ አያስፈልግም።

ከሌላ ሰው የተረከቡትን፣ ለመንካት የሚያስፈራ አሮጌ ኮድ በቴስት ለመሸፈን እንዲህ ያሉ መሣሪያዎችን ለጊዜው መጠቀም ተገቢ ሊሆን ይችላል። ይህን ለጀማሪ እንደ መደበኛ አሠራር ማስተማር ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ስለዚህ አሠልጣኞች ሠልጣኞቻቸው ሞክ ከመጻፋቸው በፊት ኮንስትራክተሩን እንዲያስተካክሉ፣ መልመጃዎቻቸውንም በዚሁ መሠረት እንዲያዘጋጁ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሶፍትዌር ባለሙያ
ከአዲስ አበባ