የአማርኛ ጽሑፍ በ«ቴክስት» አይላክ

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ የድሮ ጽሑፎችን በኮምፒውተር ስለማስቀመጥ ያወጣችሁትን ገጽ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ጥሩ ሥራ ነው። አንዲት መስመር ጋ ስደርስ ግን ደነገጥኩ። ፋይል በኤፍቲፒ (ከአንድ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ፋይል በሚተላለፍበት ዘዴ) ስትልኩ «ጽሑፍ ከሆነ ቴክስት፣ ፎቶ ከሆነ ባይነሪ ምረጡ» ትላለች። እኔ በዚችው ምክር የእናቴን ሙሾ ላጣ ነበር።

እናቴ አልቃሽ ነበረች። ጎጃም ውስጥ በእኛ አካባቢ ለቅሶ ሲኖር ሰው ተልኮ ነው የምትጠራው። በሕይወት ሳለች የምታወርደውን ሙሾ በሁለት ደብተር ጽፌ ነበር። በ2003 ዓ.ም. አራት ኪሎ አጠገብ አንድ ኮምፒውተር ጽሕፈትና ኮፒ ቤት ስሠራ፣ ማታ ማታ እያመሸሁ ሁሉንም ተየብኩት። ኖትፓድ ላይ «ዩኒኮድ» ብዬ ሴቭ አደረግሁ። ደብተሮቹንም ፎቶ አነሳሁና ሁሉንም አንድ ሊኑክስ ሰርቨር (በዊንዶውስ ፋንታ ሊኑክስ የሚባል ሥርዓት የሚሠራበት፣ ፋይል የሚያስቀምጥ ኮምፒውተር) ላይ ጫንኩ። በኋላ ኮምፒውተሩ ፎርማት ተደረገ። ፋይሎቹን ከሰርቨሩ ያወረድኩት ትእዛዝ በሚጻፍበት በዊንዶውስ ጥቁሩ መስኮት ነው። ያ ኤፍቲፒ ካልነገሩት በቀር ሥራውን የሚጀምረው በቴክስት ነው። እኔም ጽሑፍ አይደል ብዬ ተውኩት። አወረድኩ፣ የሰርቨሩን ሰረዝኩ።

ስከፍተው የመጀመሪያዎቹ ቃላት ደህና ናቸው። «ሊ» የምትለዋ ፊደል ጋ ሲደርስ ቻይንኛ የሚመስል ነገር ሆነ። ትንሽ ቆይቶ አማርኛው ይመለሳል፣ ከዚያ እንደገና ይበላሻል። እስከ መጨረሻው እንዲሁ ነው።

በጽሕፈት መኪና የሠራ ሰው ምክንያቱ ቶሎ ይገባዋል። መስመር ሲያልቅ በግራ በኩል ያለውን ብረት ስንገፋ ሁለት ነገር ይሆናል፦ ወረቀቱን የያዘው ክፍል ወደ መነሻው ይመለሳል፣ ወረቀቱም አንድ መስመር ከፍ ይላል። ኮምፒውተር ለመመለሱ 13፣ ለአዲሱ መስመር 10 የሚል ቁጥር አለው። ዊንዶውስ መስመር ሲጨርስ ሁለቱንም ይጽፋል፤ ሊኑክስ 10ን ብቻ። ቴክስት የሚባለው አላላክ እነዚህን ለማስታረቅ የተበጀ ነው። ከሊኑክስ ወደ ዊንዶውስ ሲያወርድ ከፊቱ 13 የሌለው 10 ባየ ቁጥር 13 ይሰካል። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣው የኤፍቲፒ ደንብ መነሻ ያደረገውም እሱኑ ነው። ለእንግሊዝኛ ጽሑፍ ያስኬድ ነበር።

የእኛን ፊደል ግን ተመልከቱ። ኖትፓድ ያኔ «ዩኒኮድ» ይለው የነበረው አቀማመጥ ለአንድ ፊደል ሁለት ባይት፣ ማለትም ሁለት ቁጥር ይሰጣል። «ሊ» 10 እና 18 ናት። «ጊ» 10 እና 19 ናት። ሰርቨሩ «ሊ»ን ሲያገኝ መስመር ያለቀ መስሎት 13 ሰካባት። አንድ ባይት ስትገባ የተከተለው ሁሉ ይንሸራተታል፤ የአንዱ ፊደል ግማሽ ከቀጣዩ ግማሽ ጋር ይጣበቃል። ሌላ «ሊ»፣ ሌላ «ጊ» ወይም የመስመር መጨረሻ ሲመጣ ሁለተኛ ባይት ይገባና ቦታው ይስተካከላል። ሙሾ ውስጥ ደግሞ «ሊ» ስንቴ ይመጣል! ሊሄድ፣ ሊቀር፣ ሊመለስ።

ጽሑፉ ዳነልኝ። አንድ የማውቀው ልጅ ከ10 ፊት የተሰኩትን 13ቶች በትንሽ ፕሮግራም ነቃቅሎ አወጣቸው። በዚህ አቀማመጥ የአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ 13 እና 10 ጎን ለጎን ስለማይገኙ እንግዳው ይታወቃል። ፎቶዎቹ ግን አልዳኑም። ፎቶ ውስጥ ሁለቱ ቁጥሮች በራሳቸውም ተከታትለው ስለሚመጡ የተሰካውን ከነባሩ መለየት አልቻልንም። አንደኛው ደብተር ቤት ስንቀይር ጠፍቷል። ጠርዙ ላይ ሙሾው የማን ለቅሶ ላይ እንደወረደ ጽፌ ነበር። እሱን አልተየብኩትም። ዛሬ ግማሾቹ ሙሾዎች የማን እንደሆኑ አላውቅም፤ የምጠይቃት እናትም የለችኝም።

ስለዚህ ጽሑፍም ይሁን ፎቶ፣ ባይነሪ ምረጡ። ባይነሪ ምንም ሳይነካ እንዳለ ያደርሳል። ዛሬ ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ዩቲኤፍ-8 የሚባለው አቀማመጥ ይሻላል፤ እዚያ ፊደሎቻችን ውስጥ 10ም 13ም አይገቡም። የድሮ ፋይሎች ግን ገና በየቤቱ አሉ። ፋይልዚላ የሚባለው የኤፍቲፒ ፕሮግራም ካልነገሩት የፋይሉን ቅጥያ (ከስሙ መጨረሻ ያለውን እንደ .txt ያለ ምልክት) አይቶ በራሱ ይወስናል፤ «ትራንስፈር» በሚለው ሜኑ ውስጥ ባይነሪ ላይ አድርጉት። በጥቁሩ መስኮት ከሆነ ከማውረዳችሁ በፊት ባይነሪ የሚለውን ትእዛዝ ጻፉ። ዋናውን ከመሰረዛችሁ በፊትም የሁለቱን ፋይሎች መጠን በባይት አስተያዩ። አንድ ባይት እንኳ ከተለያየ አትሰርዙ።

አዘጋጆች፣ ያችን መስመር በሚቀጥለው እትም እንድታርሙልኝ እለምናለሁ። እንደኔ ቻይንኛ የሆነበት ፋይል ያለው አንባቢም ካለ አይጣለው፤ ሊመለስ ይችላል።

አንባቢያችሁ፣
ከአራት ኪሎ