ለአረፋ ልምጣ ወይ?

ይድረስ ለወንድም ዓለሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ልጆቹስ? የእናትህ ጉልበት እንዴት ሆነ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሳልጽፍልህ የቀረሁት አድራሻህ ጠፍቶኝ አይደለም፤ አፍሬ ነው። ያን ቀን እናቴ ውሃ የጠጣህበትን ጣሳ በአመድ አሽታ ለብቻው ስትሰቅለው አይተሃል። እኔም አይቻለሁ። «ኧረ እማዬ!» ማለት አቅቶኝ እስከ በር ሸኘሁህ። አንተም ምንም ሳትል ሄድህ።

አሁን ባሕር ዳር፣ ፍርድ ቤት በር ላይ ራፖር እጽፋለሁ። ባለፈው ወር ከእናንተው ከነገደ ወገን፣ ሰው ወይጦ ከሚላችሁ፣ አንድ ሽማግሌ መጡ። ደንገል ያጭዱበት የነበረው የጣና ዳርቻ ታርሷል። አቤት ቢሉ «የይዞታ ደብተር አምጡ» ተባሉ። ደብተር በአብዛኛው የሚሰጠው ለአራሽ ነው። የእሳቸው አባቶች ደንገል ሲያጭዱ፣ ታንኳ ሲሠሩ፣ ዓሣ ሲያጠምዱ ኖሩ እንጂ አላረሱ፤ ከየት ያምጡ?

ሽማግሌው እንደሄዱ የ1987ቱን ሕገ መንግሥት ገለጥሁ። አንቀጽ 25 ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ይላል። አንቀጽ 54 ደግሞ ከ550 ከማይበልጠው የተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ቢያንስ 20ው ለአናሳ ብሔረሰቦች እንዲሆን ያዝዛል። ደስ አለኝ። አንቀጽ 39 ላይ ስደርስ ግን ልቤ ወደቀ። ብሔረሰብ ለመባል ከሚጠየቀው አንዱ የጋራ ቋንቋ ነው። የአያቶችህ ቋንቋ ጠፍቷል፤ ዛሬ የምትናገሩት የእኛኑ አማርኛ ነው። ጎረቤቶቻችን አዊዎች አዊኛቸውን ይዘው የራሳቸው የብሔረሰብ ምክር ቤት አላቸው፤ ይገባቸዋልም። እናንተ ወንበር ስትጠይቁ «አማራ አይደላችሁም እንዴ?» ትባላላችሁ። ልጅ ለማጋባት ሲሆን ግን ወይጦ ናችሁ! ይህን ያደረገው ሕጉ ብቻ አይደለም፤ የእኛ ቤት ጣሳም ነው።

የማንነት ጥያቄ መጀመሪያ በክልሉ ታይቶ ነው ወደ ፌዴሬሽን ምክር ቤት የሚሄደው። ሽማግሌዎቻችሁ ከፈቀዱ ማመልከቻውን ያለ ዋጋ እጽፋለሁ። ቃሉ ግን ከእናንተ አፍ ይውጣ፤ እስከ ዛሬ ስለ እናንተ ያወራነው እኛ ነን። ስማችሁን እንኳ በምትጠሉት ስንጠራችሁ ኖረናል።

እናቴ አርጅታለች። ጣሳውን ራሴ አወረድሁት፤ ልጆቼ ይጠጡበታል። ወደ ቤቴ ና ለማለት ገና ድፍረቱ የለኝም። ለአረፋ እኔ ልምጣ ወይ? እሺ ካልህ ላክብኝ።

ወንድምህ