አንገረብ ዳር የእግር መንገድ ይበጅልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ስለ ጎንደር ቱሪዝም የምታወጡትን ጽሑፍ አንድም አያመልጠኝም። ቤተ መንግሥቱ አለ፣ ጥምቀት አለ፣ ሆቴሉ አለ፣ የሰሜን ተራሮችም አሉ። ውሃችን ግን አይነሳም። የቧንቧውን አላልኩም፤ እሱማ ሁሌም ይነሳል። የምለው ከከተማዋ በስተምሥራቅ፣ በእግር የሚደረስበትን የአንገረብን ግድብ ነው።

ጎንደር ተወልደው አድገው አንድም ቀን ዳሩ ቆመው የማያውቁ ብዙ ሰዎች አሉ። ጄሪካናቸውን የሚሞሉት ግን ከዚያው ነው። እንግዳ ሲመጣ ፋሲልን እናሳያለን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን እናሳያለን፣ ቁስቋምን እናሳያለን፤ ከዚያ በኋላ ማስጎብኘቱ ያልቃል፤ ወደ ቡና ነው። በማግስቱ ማለዳ ሁለት ሰዓት በእግር የሚያስኬድ ውሃና ወፍ አጠገባችን እንዳለ የሚነግረው የለም።

ወፍ ለማየት ልሄድ ነው ሲባል የሚስቅ እንዳለ አውቃለሁ። ሥራ ፈት ይሉናል። ባይኖኩላር አንገት ላይ ከታየ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው፤ በዚህ ጊዜ ባይኖኩላር ያንጠለጠለ ሰው ማን ያምናል? ጥበቃ አስቁሞ ቢጠይቅ አልፈርድበትም። የሚጠጣ ውሃ ነው የሚጠብቀው። ችግሩ እሱም እኛም የት ድረስ መሄድ እንደሚፈቀድ አለማወቃችን ነው። አንዱ ጥበቃ ያሳልፋል፣ ሌላው ጥበቃ ይመልሳል። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት አላቸው።

ዳሩ ላይ ምን አለ ለሚለኝ፣ አንዷን ብቻ ልንገረው። ጥቁርና ነጭ ዥንጉርጉር የሆነች ዓሣ አዳኝ ወፍ አለች። ማለዳ ከውሃው በላይ አየር ላይ አንድ ቦታ ትቆማለች። ክንፏ ይርገበገባል፤ ራሷ ግን ንቅንቅ አይልም። ዓይኗ ታች ነው። ከዚያ ምንቃሯን ወደ ታች አድርጋ ቁልቁል ትወረወራለች። ብዙውን ጊዜ ባዶዋን ትወጣና ሁለት ሜትር ራቅ ብላ እንደገና ትቆማለች። ዓሣ ስትይዝ ደግሞ ቅርንጫፍ ላይ ታርፍና ወዲያ ወዲህ እያጋጨች ካደከመችው በኋላ በራሱ በኩል ትውጠዋለች። ይህን ለማየት ባይኖኩላር እንኳ አያስፈልግም። ዝም ብሎ መቀመጥ ይበቃል።

ዝይዎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሣሩን ይግጣሉ፤ ሰው ሲጠጋ ጩኸታቸው ሌላ ነው። ጥቁሩ ጠላቂ ወፍ ክንፉን ዘርግቶ ፀሐይ ላይ ያደርቃል። ጉሮሮው ሥር ቆዳ የተንጠለጠለበት፣ ረጅም ቆልማማ ምንቃር ያለው፣ በመንጋ እየጮኸ ሲበር ሰፈር የሚቀሰቅሰው ወፍ ደግሞ ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ውጭ የትም የለም። አንገቷ ኋላ ላይ ነጭ ምልክት ያላት ግራጫዋ እርግብም እንደዚሁ። ሌላው ዓለም እነዚህን ለማየት በዶላር ከፍሎ ይመጣል። እኛ ግን ቀና ብለንም አናያቸውም።

አንድ የማይመች ነገርም አለ። ጅረቶቹ ወደ ግድቡ የሚገቡበት፣ ውሃው የሳሳበት ጭቃማ ዳር ለወፍ ተመራጭ ቦታ ነው። ረጃጅም እግር ያላቸው፣ ምግባቸውን ከጭቃ የሚፈልጉ ወፎች የሚሰበሰቡት እዚያ ነው። ጭቃው ደግሞ ከየት መጣ? ከላይ ካለው ገደላገደል እየታጠበ የወረደ አፈር ነው። ደለል። አንገረብን ቀስ በቀስ እየሞላ፣ ውሃ የሚይዝበትን ቦታ እየወሰደ ያለው እሱ ነው። ወፍ ወዳዱ የሚደሰትበት ጭቃ ለከተማዋ ዕዳ ነው ማለት ነው። ስለዚህ ወፍ አየሁ ብዬ ደለሉ ይብዛልኝ አልልም። ተዳፋቱ እርከን ይሠራለት፤ ዳርና ዳሩ ሣርና አገር በቀል ዛፍ ይልበስ። ከብት በየቦታው ውሃው ድረስ አይውረድ። ሣሩና ዛፉ ካለ ወፉ መደበቂያና ጎጆ መሥሪያ ያገኛል፤ የእግረኛ መንገዱም በዚያው ሣርና ዛፍ መሃል ያልፋል። አፈሩም ባለበት ይቆያል።

እዚህ ላይ አንድ ልመና አለኝ። እባካችሁ “መዝናኛ” አታድርጉብን። ኮንክሪት፣ ድንኳን፣ ድራፍትና ስፒከር ከተማው ውስጥ ሞልቷል። የምንፈልገው የአፈር መንገድ ነው። መቀመጫ ድንጋይ፣ የወፎቹ ሥዕል ያለበት ሰሌዳ፣ የት መሄድ እንደሚቻልና የት እንደማይቻል በግልጽ የተጻፈ ደንብ። መታጠብ የለም፣ ልብስ ማጠብ የለም፣ ፕላስቲክ መጣል የለም። ለዚህ ብዙ በጀት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። የሰፈሩን ወጣቶች አስጎብኚ አድርጎ ማሠልጠን ግን ግድ ይላል። አሁን ያሉት አስጎብኚዎቻችን የነገሥታቱን ስም በቅደም ተከተል ይወርዱታል፤ ወፍ ሲጠየቁ “አሞራ ነው” ይላሉ።

ለምን አንገረብ? ጣና አለ አይደል? ልክ ነው፣ ጣናን የሚያህል የለም። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ ጥልቀቱ 15 ሜትር ቢደርስ ነው፤ ዳሩ ደንገል። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ክሬን የሚባሉት ግራጫ፣ ረጃጅም እግርና አንገት ያላቸው ወፎች ከአውሮፓ ብርድ ሸሽተው ወደ ጣና ዙሪያ ይመጣሉ። ቀን የታጨደ ማሳ ላይ ይለቅማሉ፤ ማታ የሳሳ ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ወርቃማ ዘውድ ያላት የአገራችን ክሬንም እዚያው አለች። ጎርጎራ ወርዶ ደብረ ሲና ማርያምን መሳለም፣ ከዚያ ዳር ዳሩን መሄድ ምን የመሰለ ነገር ነው። ግን ጎርጎራ የአንድ ቀን ጉዞ ነው። መኪና ይፈልጋል፤ በአሁኑ ሁኔታ ደግሞ መጀመሪያ መንገዱ እንዴት ዋለ ብሎ መጠየቅ ግድ ነው። ተማሪ፣ ጡረተኛ፣ ልጆቿን የያዘች እናት በእግሯ የምትደርስበት አንገረብ ብቻ ነው።

ደግሞ አንገረብንና ጣናን አንለያያቸው። የከተማችን ወንዞች አንገረብና ቀሃ ተያይዘው መገጭ ወንዝ ይገባሉ፤ መገጭ ጣና ይገባል። ቀሃ ውስጥ የወረወርነው የውሃ ፕላስቲክ ክረምት ሲመጣ ጣና ዳር ያለው ደንቢያ ነው የሚደርሰው። እምቦጭ በ2004 ዓ.ም. ገደማ ጣና ላይ ሲታይ ከመገጭ መግቢያ አካባቢ መሆኑን አንርሳ። አረሙን የሚያፋፋው ከማሳና ከከተማ የሚታጠበው ነገር ነው። አረሙን ለመንቀል ሰው ተሰልፎ ሲወርድ አይተናል፤ እዚህ ላይ ወንዙ ውስጥ የሚጥለውን ግን ማንም “ተው” አይለውም።

መገጭ ላይ ሲጓተት የኖረውን ግድብም አስቡት። ዋና ሥራው መስኖ ነው። ያን ያህል ውሃ ሲከማች ወፉ ሳይጠራ ይመጣል። ዳርቻው ለማን ይሰጣል? ለኢንቨስተር አጥር? ወይስ ሕዝብ የሚሄድበት ጥቂት ሜትር ስፋት ያለው መተላለፊያ ከወዲሁ በፕላን ይያዛል? አጥር ከታጠረ በኋላ ማስነሳት ምን እንደሚመስል ጎንደር ውስጥ የኖረ ያውቀዋል።

ይህን ጉዳይ ከተማ አስተዳደሩንና የውሃ አገልግሎቱን ጠይቃችሁ መልሳቸውን ብታትሙልን ደስ ይለናል። ጥያቄው አጭር ነው፦ ነዋሪው አንገረብ ዳር በየትኛው በኩል፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት መሄድ ይችላል? ጥቅምት ሳይገባ ቢነገረን ደግሞ ጥሩ ነው፤ ከሩቅ የሚመጡት ዳክዬዎች የሚደርሱት በዚያ ሰሞን ነውና።

ከሰላምታ ጋር፣
የዘወትር አንባቢያችሁ
ከጎንደር